የመቶ ዓመት ውኃ

ጽሕፈት ቤታችን አንድ ክፍል ናት፣ አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበር፤
የውሻ ግብር እሰበስባለሁ፣ እመዘግባለሁ መቃብር።
ዘንድሮ ደግሞ ከአውራጃው ማኅተም ያለው ደብዳቤ መጣ፦
«የጎርፍ ስጋት ይገምገም፤ ቤት በቤት ዝርዝሩ ይውጣ።»
ከንቲባው ቮይትዬኽ አነበበው፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፤
ወደ እኔ ገፋው፣ «ቦቲ ያለሽ አንቺ ነሽ» ብሎ።

ሜትር ያዝኩ፣ ቀይ እርሳስ፣ ጫፉ የተበላ ካርታ፤
ከወፍጮ ቤቱ ጀመርኩ፣ ሰኞ ጧት፣ በካፊያ ጠብታ።

ዶልኒ ብሮድ ነው መንደራችን፤ ታችኛው መሻገሪያ ማለት።
የቀደሙት በስሙ ነገሩን፦ እዚህ ውኃ ያልፋል፣ እወቁት።
እኛ ግን ስሙን በየፖስታው ላይ ጽፈን፣
ትርጉሙ ላይ ቤት ሠራን፣ አጥር አጥረን፣ ቲማቲም ተክለን።

አናጢው ኦታካር በሩን ከፈተ። መቃኑ ላይ በእርሳስ
የልጁ ቁመት ተሰምሯል፣ ከአምስት ዓመቱ እስከ ዘጠኝ ድረስ።
ከዘጠኙ በላይ ሌላ አለ፤ ቡናማ፣ ስም ያልተጻፈበት፣ ዳር እስከ ዳር።
«ይኼኛውስ የማን ነው?» ብለው፣
«በአንድ ሌሊት ያደገው ነው» አለኝ ኦታካር።
ሜትሬን ዘረጋሁ፤ አንድ ሜትር ከሰማንያ ሁለት።
ቁጥሩን ጻፍኩ፤ ቅጹ ላይ ግን ቦታ የለም ለሌሊት።

ድራሆሚራ ዘንድ ስደርስ ዳክዬዎቿ ቀድመው ተንጫጩብኝ።
«ነይ ግቢ፤ ድንች እየላጥኩ ልስማሽ፤ ቁጭ በይ» አለችኝ።
አስረዳኋት፦ «ይህ የመቶ ዓመት ውኃ ይባላል፤
በመቶ ዓመት አንዴ ይመጣል፤ ስሌቱ እንደዚያ ይላል።»
ቢላዋዋን አኖረች። ጣቷን ዘረጋች።
«አንዱ በልጅነቴ፣ አልጋዬ ሲንሳፈፍ ከነእኔ፤
አንዱ በሠርጌ ማግሥት፤ አንዱ ደግሞ ያኔ፣
ካሬል ላሚቱን ሊፈታ ወርዶ የቀረ ጊዜ።
እንግዲህ ልጄ፣ በስሌትሽ
ሦስት መቶ ዓመቴ ነው፤ ከወንበሩ መነሣት ነበረብሽ።»
ሳቅን። የሳቃችን ልጣጭ ቀጥኖ ቀጥኖ ተበጠሰ፤
ከመስኮቱ ማዶ ወንዙ፣ ምንም እንዳልሰማ፣ ፈሰሰ።

ማታ ራዲም መጣ፤ ሜዳው ዳር ስምንት ቤት የጀመረው፤
የፕለም አረቄውን ጠረጴዛዬ ላይ አኖረው።
ካርታውን አየ፤ ጣቱ በቀዩ መስመር ላይ ሄደ፤
«ሚሊሜትር ናት» አለኝ፤ «ብትገፊያት ማን ከሰረ? ማን ተዋረደ?»
በዚህ ካርታ ሚሊሜትሯ አሥር ሜትር መሬት ናት፤
ሁለት መኝታ ቤት፣ አንድ የሕፃን አልጋ አለባት።
ጠርሙሱን መለስኩለት። ግን አልዋሽም፤ እጄ ላላ፤
የእናቴም ቤት ቀዩ ውስጥ ነው፤ ከፖም ዛፏ በኋላ
ያልፋል መስመሩ። ነገ ኢንሹራንሱ ዋጋ ሲቆልል፣
ማን ይገዛታል? እሷስ በስተርጅና ወዴት ትነቀል?
እርሳሱና ላጲሱ ጎን ለጎን ተኝተው አደሩ፤
እኔ አልተኛሁም።
ሲነጋ ቀዩን ደገምኩት፣ በዚያው በመስመሩ።

በእሳት አደጋ ጓዶች አዳራሽ መንደሩ ተሰበሰበ፤
ካርታዬ ግድግዳ ላይ ተሰቀለ፣ ዝርዝሩ ተነበበ።
ለግድብ ገንዘብ የለም። ለድልድዩ እግር ቀለም፣ ለአንድ ጥሩምባ፣
ለዚያ ይበቃናል አለ፣ የገዛ ኪሱን ዳብሶ፣ ከንቲባ።
እኔም ቅጹ ዳር አንድ ዓምድ ጨምሬ ነበር፣ በእጄ አስምሬ፤
«በሌሊት ቢመጣ ማን ያንኳኳል?» ብዬ አነበብኩ ደፍሬ።
ለኦታካር ወንድሙ። ለወፍጮ ቤቱ ጎረቤቱ። ለእናቴ እኔ።
ለድራሆሚራ ግን ባዶ ነው።
ዝምታ።
ከኋላ ራዲም ተነሣ፤ ዓይኑ ከዓይኔ እየሸሸ፤
«ትራክተር ያለኝ እኔ ነኝ» አለ፤ ፈረመ፣ ኮፍያውን እያሸ።

በወሩ ከአውራጃው መልስ ደረሰ፦ «ግምገማው ተሟልቷል፤
የመጨረሻው ዓምድ ግን በቅጹ የለም፤ ተሰርዟል።»
ቅጂውን ከውሻ ግብሩ ጋር አንድ መሳቢያ ውስጥ አኖርኩ።
ወንዙ ዛሬ ቁርጭምጭሚት ነው፤
ዳክዬዎቹ በእግራቸው ሲሻገሩ ከድልድዩ ላይ ቆጠርኩ።
ሰባት ናቸው። ስምንተኛዋ ገና ማዶ ናት።